ስሜነሽ ንጉሡን መረዘች

ልጆቼ፣ በ2009 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ዳንግላ ገበያ ዳር ጋሪ ስጠብቅ የልጅነት ጓደኛዬን ቢሻውን አገኘሁት። ፊቱ ጠቁሯል።

«ምነው ቢሻው፣ ደህና አይደለህም?»

«ምን ደህና አለ ውዱ! ‹ልጅህ ስሜነሽ ንጉሥ መረዘች› አሉኝ እኮ፣ በገበያ መሐል! ለካ በትምህርት ቤቱ ቴአትር ተንኮለኛዋን እመቤት ሆና ኖሯል። ይኸው ከትምህርት ቤት ላስወጣት ነው። ያበላሻት ያ በዲሽ የሚመጣው የነገሥታት ድራማ ነው፤ እዚያ ሴቱ ሁሉ መርዝ በጥባጭ! ‹መርዟ› የሚል ስም ከወጣላት ማን ያገባታል?»

አሳዘነኝም፣ አሳቀኝም። አብሬው ጋሪው ላይ ወጣሁ።

«ወንድሜ፣ እኛ ተማሪ ሳለን ሴት መድረክ አትወጣም ነበር። የእናትህን ቀሚስ ለብሰህ ንግሥት የሆንከው አንተ አይደለህም?»

ባለጋሪው ፈረሱን ረስቶ ዞረ። ቢሻው ፈገግታው አመለጠው።

«አይ ያ ደግ ዘመን! ክረምቱን ሙሉ ‹እቴጌ› ስትሉኝ ከረማችሁ።»

«ታዲያ ሴት ሆንክ?»

«ወግድ! የእኔ ሌላ ነው። እኔ ደግ ንግሥት ነበርኩ።»

ትምህርት ቤቱ ደርሰን ስሜነሽን ከቴአትሩ ልምምድ አስጠራናት። የአባቷን ቁጣ አንገቷን ደፍታ ሰማችና፣ «አባባ፣» አለች፣ «ይህች እመቤት ብልህ ናት፤ አገሩን ታውቃለች። ሸንጎ የሚያስገባት ግን የለም። ከመጋረጃ ጀርባ ካላንሾካሾከች የት ትናገር? ተንኮሏን ደግ ነው አልልዎትም። በሩ ቢከፈትላት ኖሮ ግን መርዙ ምን ያደርግላት ነበር?»

ቢሻው ለእኔ ይሁን ለእሷ ሳይለይ፣ «ያኔ ንግሥት ስሆን የተሰጠኝ ቃል ‹ወየው ጌታዬ› ብቻ ነበር» አለ። «ንጉሡ ሲሳሳት እያየሁ የምናገረው የለኝም። አልቅሼ መውደቅ ብቻ። እንዴት እልህ ይዞኝ ነበር!»

ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ስላንቺ ትዳር ስንመክር ጠርተንሽ እናውቃለን?»

«አያውቁም፣ አባባ።»

«እንግዲያውስ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ሳትቀመጪ አይመከርም። ትምህርትሽንም ቀጥይ።»

ልጆቼ፣ ሴት ልጅ ፊት ለፊት የምትናገርበት ቤት ሹክሹክታ አይበዛበትም። አባትም የልጁን ነገር ከገበያ ሳይሆን ከራሷ አፍ ይሰማል። ትዳሩም በፈቃድ ይሆንና ይጸናል።

ልንሄድ ስንል ቢሻው አግዳሚ ወንበር ስቦ ከተማሪዎቹ መሐል ተቀመጠ።

«በሉ ቀጥሉ» አላቸው። «እኔ ሳላይ ንጉሡ እንዳይሞት!»