እሑድ እሑድ የሚመጣው ሰላምታ

የታላቅ ወንድሜን የጋሼ ታደሰን መርዶ ያረዳኝ የጄኔቫ ሐኪም ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የልቤ ደም ሥር ተዘግቶ፣ ከእግሬ በተወሰደ ሥር ቀይረውልኝ አገግሜ ነበር። በኋላ ግን ደረቴ እንደገና ይይዘኝ ጀመር። እኔ በምኖርበት ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ባቡር ጣቢያ ደረጃውን ስወጣ ጭምድድ ያደርገኛል፤ ከምላሴ ሥር የሚረጨውን መድኃኒት ረጭቼ፣ ሰው እየተጋፋኝ ቆሜ እጠብቃለሁ። ጄኔቫ የሚኖረው ልጄ ዳዊት ይህን ሲሰማ እሱ ወደሚያውቀው ሐኪም ወሰደኝ።

ፈረንሳይኛ አልችልም፤ የማውቀው የዙሪኩን ጀርመንኛ ነው። ሁለቱ በፈረንሳይኛ ብዙ አወሩ። ኋላ ሐኪሙ፣ ለእኔ አክብሮት ብሎ ይመስለኛል፣ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና በጀርመንኛ፣ «የተቀየሩት ሥሮች ክፍት ናቸው፤ መድኃኒቱን እናስተካክላለን። ሐዘኑም ሳይጎዳዎት አይቀርም። በወንድምዎ ሞት አዝናለሁ» አለኝ። ምን ያድርግ? ወንድሙ የሞተበት ሰው አልሰማም ብሎ በምን ይጠርጥር?

ዳዊት ፊቱ አመድ መሰለ። «መቼ?» አልኩት በአማርኛ።

«ከፋሲካ በፊት፣ አባዬ። ለልብህ ፈርተን ነው። ዘመድ ሁሉ ተማክሮበት ነው።»

ዘመድ ሁሉ! አርባው እንኳ ያለ እኔ ወጥቷል። እኔ ዙሪክ ተቀምጬ ለሞተ ሰው ጤና ስጸልይ ከርሜአለሁ።

ሐኪሙ ደነገጠ። «አሁን ያምዎታል?» አለኝ። ወደ ልጄ ዞሬ፣ «ታዲያ እሑድ እሑድ ስትደውል 'ጋሼ ታደሰ ሰላም ብሎሃል' የምትለኝ፣ ማን ብሎህ ነው?» አልኩት።