«መጣሁ» ብሎ የወጣ ባል

ከመርሳ ወልድያ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት ጎረቤታሞች ያወራሉ፤ አንዷ ወጣት ሚስት፣ አንዷ ትልቅ ሴትዮ። ጆሮ መጣል ነውር ነው፤ እኔ ግን ጣልኩ።

«ሽማግሌ ዘንድ ነሽ ዛሬም?»

«አይ እትዬ፣ ሐኪም ቤት አማካሪዋ ዘንድ ነኝ። ሽማግሌዎቹማ ‹ቻይው› ብለው ሸኙኝ።»

«ምን በደለሽ ሰውዬው?»

«ሲወጣ ‹መጣሁ› ይለኛል።»

«ሁሉስ ሰው እንዲያ አይደል የሚል?»

«ጦርነቱ ሲደርስብን ‹መኪናዋን አሽሽቼ መጣሁ› ብሎ ወጥቶ በአራት ወሩ ነው የተመለሰ። ስልክ የለ፣ መንገድ የለ። አሁን ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ሃያ ጊዜ እደውላለሁ። እሱ ስልኩን ያጠፋል፤ እኔ ልፈታው እነሳለሁ።»

«ኧረ ቅናት ነው! ወንድ ታስሮ ይቀለባል?»

«አማካሪዋ ግን ፍርሃት ነው አለችኝ። አንጎሌ ለዳቦ መውጣቱን በጦርነቱ ጊዜ ከመውጣቱ ገና አልለየም። የሱም አንጎል ጩኸት ሲሰማ መደበቅ ለምዷል፤ ስልኩ ሲጮህ የሚያጠፋው ለዚያ ነው።»

«መድኃኒቱስ?»

«እሱ የሚመለስበትን ሰዓት ተናግሮ ይወጣል፤ እኔ እስከዚያ አልደውልም። ሲደጋገም አንጎል ይማራል አለች።»

«ተማረ?»

«ትናንት አስር ሰዓት ብሎኝ ሩብ ሰዓት አሳለፈ። አልደወልኩም፤ በር ላይ ቆሜ መንገዱን አየሁ።»

«እሱስ?»

«ሮጦ ኖሮ እያለከለከ ገባ።»

ጠዋት እናቴን «መጣሁ» ብያት ነበር የወጣሁት፤ ያጠፋሁትን ስልኬን ከቦርሳዬ አውጥቼ አበራሁት።