ምራቂ ያልጠየቁት ገበሬ

በጣሊያን ጊዜ ከቡሬ ገበያ በካሚዮን ስንመለስ፣ አንዲት ቅቤ ነጋዴ አጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ ገበሬ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ እህል ሲገዙ ዛሬ የመጀመሪያዎ ነው፣ አይደል?»

«በምን አወቅሽ?»

«ሻጯ ጤፉን ሰፍራ ስትጨርስ ምራቂ አልጠየቁም።»

«ኧረ እሷስ ራሷ ጨምራልኝ ነበር። ‹ለልጆችሽ ይሁን› ብዬ መለስኩላት።»

«ጉድ ፈላ! የራበው ሰው እፍኝ ጤፍ ይመልሳል? ማን ምን እንደሚገዛ የሚሰልለው ባንዳ እኮ ከኋላዎ ቆሞ ነበር።»

«የገዛሁትስ እሱ እንዲያየኝ ብዬ አይደል? ያልገዛ ሁሉ እህል ቀብሯል እየተባለ ቤቱ ይቆፈራል።»

«ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል! በሚቀጥለው ቅዳሜ እየተጨቃጨቁ ይግዙ።»

«እኔ? በእፍኝ ጤፍ ከሴት ጋር ልጨቃጨቅ?»

«ካልሆነልዎ ያልቅሱ።»

እግሬ ሥር ያለውን፣ እኔም እንደሳቸው ለባንዳው ዓይን ብዬ የገዛሁትን ጤፍ አየሁና፣ ምራቂ መጠየቄን ማስታወስ አቃተኝ።