ዶክተር ቆይ እና ጥቁሯ ነጥብ

ዘመድ ወዳጅ ሁሉ፣ ዛሬ የምንሸኛቸውን የታላቅ እህቴን ሕይወት እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ አዞኛልና ድምፄ ቢቆራረጥ ታገሡኝ።

እህታችን ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የተወለዱ የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው የአባታችንን አጉሊ መነጽር ዓይናቸው ላይ ሰክተው ጉንዳኑን፣ የገዛ ጣታቸውን፣ እንቅልፍ ሲወስደኝም የእኔን ጆሮ ሳይቀር ሲመረምሩ ይውሉ ነበር። ትምህርታቸውን በማዕረግ አጠናቀው ሐኪም ቢሆኑም በሽተኛ የማያዩ ሐኪም ሆኑ፤ ከሰው ቆዳ የተወሰደ ቅንጣት በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ተነክሮ፣ መስታወት ላይ ተለጥፎ ሲመጣላቸው ካንሰር መሆን አለመሆኑን በማይክሮስኮፕ አይተው ይፈርዱ ነበር። ሌላው ለፍርድ ሲጣደፍ እርሳቸው ቆይ ስለሚሉ፣ ዶክተር ቆይ የሚል ስም ወጣላቸው። የአውቶቡስ ሹፌር ከነበሩት ባለቤታቸው ሁለት ወንዶች ልጆች ያፈሩ ሲሆን፣ ባለቤታቸውም፣ ሚስቴ ቀኑን ሙሉ የሰው ቆዳ ስታይ ውላ እኔ ፀጉሬን መቆረጤን እንኳ ልብ አትልም እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ከማይክሮስኮፑ ቀና ሲሉ ከሩቅ መንገድ የተመለሱ ይመስሉ ነበር። ሮዝና ሐምራዊ ሜዳ ላይ ስዞር ዋልኩ፣ ቡናማ ቀለም የተሸከሙ ሕዋሳት እንደ መንደር ተሰብስበው፣ አንዳንዶቹ ከመንደሩ ወጥተው ብቻቸውን ሽቅብ ሲሄዱ አየሁ ይሉናል። እኛም አፋችንን ከፍተን እንሰማለን።

ልጄ ገና ሕፃን ሳለች ጭኗ ላይ ያለው፣ ማርያም የሳመቻት የምንለው ነጥብ አበጠ። ናሙናውን ያዩ ሐኪሞች ክፉ ካንሰር ነው፣ የብሽሽቷ ዕጢዎች ወጥተው ብርቱ መድኃኒት ይጀመርላት አሉ። እህታችን ቆይ አሉ። ዘመድ ነኝና ዓይኔ ያዳላል ብለው ለሌሎች የሙያው አዋቂዎችም ቢያሳዩ፣ እነርሱም ለሁለት ተከፈሉ። ሕዋሳቱ ግዙፍና መልካቸው የሚያስፈራ ቢሆንም፣ እባጩ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ፣ ሕዋሳቱም ወደ ጥልቁ በወረዱ ቁጥር እያነሱና እየረጉ የሚሄዱ ነበሩ፣ ይህም የደግ እባጭ ጠባይ ነው፤ ከሥር ግን በመከፋፈል ላይ ያሉ ጥቂቶች ስለታዩ፣ ደግ ነው ብሎ መማል አይቻልም ነበር። በመጨረሻ በእርሳቸው ምክር ነጥቧ ከነዙሪያዋ ብቻ ተቆርጣ፣ ልጅቱ በየጊዜው እንድትታይ ተወሰነ። እኔንም አይዞህ፣ ምንም አይደለም አሉኝ፤ እኔም አምኜ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በገዛ ጀርባቸው ላይ የበቀለው ጥቁር ነጥብ ግን ማንንም አላከራከረም። ናሙናውን ራሳቸው አይተው፣ ይሄስ ቆይ አያሰኝም፣ ቀለሙ ግን እንዴት ያምራል አሉ። ባለቤታቸው በዚህ ንግግር ተቆጥተው አለቀሱ።

በሕመማቸው ወራት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ፣ ያኔ ስለ ልጄ እርግጠኛ ነበሩ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አልነበርኩም፣ ሁላችንም ከምንፈራ እኔ ብቻዬን ልፍራ ብዬ ነው፣ ልጅቱ በሳለች ቁጥር ወደ ሳንባዋ ደርሶ ይሆን እል ነበር አሉኝ። ልጄ አድጋ፣ አግብታ፣ እስክትወልድ ድረስ ፍርሃቴን ተሸክመውልኝ ኖረዋል። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳቸውም፤ ምንም አይደለም ተብዬ የለ!

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኔን ወንድማቸውን እና ልጄን ከነልጇ ትተው በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አርፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሥጋት በሌለበት ስፍራ ያኑርልን። እትዬ፣ ልጅቱ ደህና ናት፤ ከእንግዲህስ ይረፉ።