ከደረጃው ሥር ያለው ቤት

ለነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች፣ ለወዳጆቼና ለዘመዶቼ በሙሉ፤ ለአራት ክረምት በታማኝነት ያገለገለችኝ ጥቁር ጃንጥላዬ በነሐሴ ወር፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ላፍቶ መንገድ ዳር በድንገተኛ ነፋስ ተገልብጣ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቷን የምገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። ሥርዓተ ቀብሯ በአካባቢው በሚገኝ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ተፈጽሟል። ድንኳን አልተተከለም። ቀባሪውም አልቃሹም እኔ ብቻ ነበርኩ።

የዚህ ሐዘን ጥቅሙ አንድ ነው። ከዝናቡ ለመሸሽ ወደ አንድ የቆርቆሮና የሚስማር መሸጫ በረንዳ ዘልዬ ብገባ አቶ ከበበውን አገኘሁ።

ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ጫማቸው በዚያ ሁሉ ጭቃ መሃል ያበራል። እኔ ለሰላምታ ያህል አንገቴን ዝቅ ባደርግ እሳቸው ወሬ ጀመሩ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ቤት ሊገዙ እንደሆነ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትሩፋት ከሞቱ አምስት ዓመት እንዳለፈ፣ ልጅ እንዳልወለዱ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያከራዩዋቸው ሰው ሲሞቱ ወራሾቹ «እስከ ጳጉሜ ይልቀቁ» እንዳሏቸው ነገሩኝ። ለማያውቀው ሰው ይህን ሁሉ የሚናገር ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ከጠዋት ጀምሮ የሚያወራው ሰው አላገኘም። ሞኝ አልነበሩም።

«ቤቱ የት ነው አባባ?» አልኳቸው።

«ሀና ማርያም። አሁን ከምኖርበት ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ። ነገ ከቅዳሴ መልስ ቀብድ እሰጣለሁ። ውሉን የሚያዩ ሽማግሌዎችም ተነግሯቸዋል።»

«ክፍለ ከተማ ሄደው ዕዳና እግድ እንደሌለበት አረጋገጡ?»

ዓይናቸውን ከዝናቡ መለስ አድርገው ከጸጉሬ እስከ ጫማዬ አዩኝ። «ሥራህ ምንድን ነው አንተ?»

«ባንክ ነኝ። ለብድር የሚያዙ ቤቶችን እገምታለሁ። ሚሳኤል እባላለሁ።»

«ለመሆኑ የራስህ ቤት አለህ?»

«የለኝም። እዚሁ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ነው የምኖረው።»

«እሰይ! ባዶ እግሩን የሚሄድ ጫማ ሰፊ አገኘሁ!» ብለው በሳቅ ተንፈቀፈቁ።

የድሮ ሰው «የተማረ ይግደለኝ» ይል ነበር። እኛ ተምረን ብንመጣ ተራ የሚሰጠን ጠፋ። ዝም ልል አሰብኩ፤ ዝናቡ ግን አላባራ አለ፤ ሰውና ሰውን ዝናብ ባንድ በረንዳ ካገናኘ ደግሞ ክርክር አይቀርም።

«ስማ ልጄ» አሉ አቶ ከበበው ሳቃቸውን ሲጨርሱ። «ሻጩ ኖላዊ ይባላል፤ የዕድራችን ጸሐፊ ነው። ትሩፋትን ስቀብር ጉድጓዱን ያስቆፈረው፣ ድንኳኑን የተከለው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከጎኔ ያልተለየው እሱ ነው። ነገ እኔንም የሚቀብረኝ እሱ ነው። ለሚቀብረኝ ሰው ‹ወረቀትህን አምጣ› ልበለው?»

«መቅበርና መሸጥ እኮ ለየቅል ሙያ ነው አባባ።»

«አፍህን!» አሉኝ፤ ከንፈራቸው ግን ሳቁን መደበቅ አቃተው።

«ካልተቀየሙኝ ልናገር» አልኩ፤ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብዬ። «ሽማግሌ ፊት የተጻፈ የመንደር ውል ወሬ ነጋሪ ያስገኝ ይሆናል እንጂ ባለቤት አያደርግም። ስም የሚዞረው ሁለታችሁም ውልና ማስረጃ ቀርባችሁ ስትፈርሙ ነው። ቀብድ ከኪስ ሳይወጣ በፊት ደግሞ ሻጩን ‹ና አብረን እንሂድ፣ ቤትህ ከዕዳና ከእግድ ነጻ መሆኑን በራስህ ስም ጠይቅልኝ› ይበሉት። ንጹሕ ሰው ጫማውን አጥልቆ ይከተልዎታል። የሚያስነጥሰው፣ ወገቡን የሚያመው፣ ለቅሶ የሚመጣበት ካለ ያው መልስዎን አገኙ። ሚስት ካለችውም እሷ ትፈርማለች፤ ከሌለችው አለመኖሯን በወረቀት ያሳያል። በውክልና ልሽጥልዎ የሚል ከመጣ ደግሞ ሰውየው ሲሞት የሰጠው ውክልናም አብሮት እንደሚሞት አይርሱ።»

«አቤት! ወረቀትም ይሞታል በለኛ!»

«ይሞታል። ያውም ያለ ዕድር።»

አቶ ከበበው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናንተ የተማራችሁ እምነት የሚባል ነገር አታውቁም። ሰውን በማኅተም ነው የምታዩት። እኛ በቃል ስንኖር ማን ቤት አልባ ሆነ?»

ሃያ ስድስት ዓመት ተከራይተው እንደኖሩ ላስታውሳቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ተምሬአለሁ እንጂ ባለጌ አይደለሁም። «ቤቱን በክረምት አይተውታል?» ብዬ ወሬውን አዞርኩት።

«በግንቦት ነው ያየሁት። ያምራል።»

«በግንቦት ሁሉም ቤት ጨዋ ነው። እግዜር ዝናቡን ሲልክልዎ አሁኑኑ ሄደን እንየው።»

«አሁን? የሚጠብቅህ ሰው የለም?»

«ጃንጥላ ነበረችኝ፤ ሞተች።»

ጥቂት አዩኝና ኮታቸውን ቆለፉ። «ና እንግዲያው» አሉ።

የታክሲው ረዳት «ሀና! ሀና ማርያም!» እያለ ጠቅጥቆ ጫነን። እሳቸው መንገዱን ሙሉ ስለ ወይዘሮ ትሩፋት አወሩልኝ፤ በክረምት ልብስ አይደርቅም እያሉ ሲነጫነጩ፣ ከመተኛታቸው በፊት በሩን ሁለት ጊዜ ሲሞክሩ። «አሁን እኔ ነኝ የምሞክረው» አሉ።

የቤቱ ቁልፍ ጎረቤት ሐሚዳ ዘንድ ነበር። ሐሚዳ ከቤቷ በር ላይ የሕጻናት ልብስ የምትሸጥ፣ ሸቀጧን በላስቲክ ሸፍና ራሷ የምትረጥብ ሴት ናት። በሩን ከፈተችልን። ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ጎርፉ በብረት በሩ ሥር እንደ ሥጋ ዘመድ ሳያንኳኳ ይገባል። ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ አሮጌ ነው።

«ይሄ ለምን እስከዚህ ብቻ ተቀባ?» አልኩ።

«ቀለም አልቆበት ይሆናል» አሉ አቶ ከበበው።

«ኧረ ውሃው ነው እስከዚህ የሚደርሰው!» አለች ሐሚዳ በገዛ ጉልበቷ እየለካች።

«የቧንቧ ውሃስ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እሱማ በሳምንት አንዴ ነው። የማንፈልገው ሳይጠራ ይመጣል፣ የምንከፍልበት ተለምኖም አይመጣም።» ከዚያ ወደ አቶ ከበበው ዞረች። «ቆይ፣ ገዢው እርስዎ ነዎት እንዴ ጋሼ? ውይ! ተሾመች ታውቃለች?»

ተሾመች የኖላዊ ሚስት ናት።

«እናቷ ጋ ጎፋ ናት» አሉ አቶ ከበበው። «ትንሽ የቤት ውስጥ ነገር አለች ብሎኛል።»

«ትንሽ? ከጥምቀት ጀምሮ ተጣልተው እኮ ነው! ፍርድ ቤት ከሳዋለች። ቤቱን አብረው ነው የሠሩት፤ ብሎኬቱን በጀርባዋ ስትሸከም እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። እሷ ሳትፈርም ማን ሊገባበት ነው?»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በል፤ እኔ በአምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲና በስምንት ዓመት ሥራ ያላገኘሁትን፣ ሐሚዳ በሁለት ደቂቃ ነገረችን። ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ጎረቤት ይጠይቅ። ጎረቤት ማኅተም የለውም፤ ግን አይቷል።

ወጥተን ከሐሚዳ ክፈፍ ሥር ቆምን።

«እኔ ቤት አይደለም የምገዛው» አሉ አቶ ከበበው፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ከዚህ ሰፈር ከወጣሁ ዕድሬ ይርቀኛል። በዚህ ዕድሜዬ የት ሄጄ አዲስ ሰው ልሁን? ያለፈው ክረምት አራት ቀን ታምሜ ተኛሁ። አራት ቀን! በአምስተኛው በሬን ያንኳኳው ማን መሰለህ? የውሃ ቆጣሪ አንባቢ። ‹ሰው የለም እንዴ?› አለ። እኔ ውስጥ ተኝቼ፣ መልሱ ጠፋብኝ።»

ከጃንጥላዬ ሞት የከፋ ነገር እንዳለ ገባኝና ቀልዴን ወደ ኪሴ መለስኩት። ገንዘባቸው፣ ከወይዘሮ ትሩፋት ጋር ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙት ነው፤ ሁለተኛ የለም። ነገ ከቅዳሴ መልስ ከእጃቸው ከወጣ ቤትም ዕድርም የላቸውም።

«አባባ፣ ጡረታ የወጡት ከምን ሥራ ነው?» አልኳቸው።

«ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት።»

«አንድ መጥረጊያ ከግምጃ ቤት ሲወጣ እንዴት ነበር?»

«በሞዴል ሃያ ሁለት ነዋ! ጠያቂ ይፈርማል፣ ፈቃጅ ይፈርማል፣ ተረካቢ ይፈርማል። ካልተፈረመ አንዲት ሚስማር አትወጣም።»

«የቅርብ ወዳጅዎ መጥቶ ‹ከቤ፣ ዛሬ ስጠኝ፣ ነገ እፈርማለሁ› ቢልዎስ?»

«ወዳጅማ በተለይ! ግምጃ ቤት የሚያራቁተው ሌባ መሰለህ? ወዳጅ ነው! ሌባንማ ታባርረዋለህ፤ ወዳጅ…»

የራሳቸውን ቃል ሰሙ። ሐሚዳ እንኳ ላስቲኳን ማስተካከሉን ተወች።

«ተንኮለኛ ልጅ ነህ» አሉኝ ጣታቸውን እየቀሰሩብኝ።

በማግስቱ የሆነውን እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል፤ ኖላዊ እስክሪብቶውን ይዟል። አቶ ከበበው ገንዘብ ሳያወጡ «ሰኞ ጠዋት ክፍለ ከተማ አብረን እንሂድ፤ ተሾመችም ትምጣ» አሉ።

«ጋሽ ከበበው፣ እኔን የዕድር ወንድምዎን ይጠራጠሩኛል?» አለ ኖላዊ።

«ሠላሳ አራት ዓመት በየሰኔው ኦዲተር እየመጣ ብሎኖቼን ቆጥሯል። ተቀይሜ አላውቅም። አንተም አትቀየም።»

ሰኞ ጠዋት አቶ ከበበው እስከ ስድስት ሰዓት ክፍለ ከተማው በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ኖላዊ ወገቡን አሞት ቀረ። ማታ ግን ደውሎ አለቀሰ፤ ቤቱ በፍርድ ቤት ታግዷል፤ ቀብዱን ለዕዳው ሊያደርገው ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ የጨነቀው ሰው ነው። የጨነቀው ሰው ግን ከክፉ ይልቅ ያስፈራል፤ ክፉውን አስቀድመህ ትጠነቀቀዋለህ። አቶ ከበበው አልተጣሉትም። «ድንኳን ሲተክል አሁንም የሚያህለው የለም» ይላሉ። እውነት ነው። ካስማውን ጠበቅ ያደርጋል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አብረን ዞርን። ደላሎች «አባቴ» ሲሏቸው «ካርታው የታል ልጄ?» የሚሉ ሆኑ። በየቤቱ ቧንቧ ይከፍታሉ፣ ጣሪያ ቀና ብለው ያያሉ፣ ጎረቤት ያንኳኳሉ። በመጨረሻ ከሀና ማርያም ጀርባ ካለ ኮንዶሚኒየም፣ ከዕድራቸው የአሥር ደቂቃ መንገድ፣ ባንድ ሕንጻ ላይ ሁለት ቤት አገኘን። የሁለቱም ካርታ በሻጮቹ ስም የወጣ፣ ዕዳና እግድ የሌለበት፣ ባልም ሚስትም ለመፈረም የመጡበት። ምርጫው የኛ ሆነ።

አንደኛው ሁለተኛ ፎቅ ጥግ ላይ ነው፤ ጸጥ ያለ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት፣ ማንም በበሩ የማያልፍ። ሌላው ምድር ቤት ነው፤ በሩ ከደረጃው ሥር፣ የሕንጻው ሰው ሁሉ በላዩ የሚረግጥበት፣ መስኮቱ ሠርግም ተዝካርም ከሚደገስበት የጋራ ቤት ጋር የተፋጠጠ። ሁለት ገጽ ግምት ጻፍኩላቸው፤ በጸጥታ፣ በብርሃን፣ ነገ ቢሸጥ በሚያወጣው ዋጋ ሁሉ ጥጉ ቤት ይበልጣል። መነጽራቸውን አድርገው ሦስት ጊዜ አነበቡት። ግርጌው ላይ «አንብቤ ተረድቻለሁ» ብለው ፈረሙ። ከዚያ ሄደው ምድር ቤቱን ገዙ።

ዛሬ የመጠንቀቅን ጥቅም ማስረዳት ቀላል ነው። ካርታው በአቶ ከበበው ስም ነው። ጎርፍ አይገባባቸውም፤ እስከ ጳጉሜ ልቀቅ የሚላቸው ወራሽ የለም፤ ዕድራቸውም አልቀረባቸውም። እንዲያውም በዕድሩ ስብሰባ ተነስተው «ቤት የሚገዛ አባል ሁሉ ቀብድ ሳይሰጥ ወረቀቱን ለኔ ያሳይ» ብለው አስወስነዋል። ቃለ ጉባዔውን የጻፈው ኖላዊ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እንደ ልማዴ ሄድኩ። በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው ደፉ ላይ በወንበር ተቀምጠዋል። አንዲት ሴት ከላይ ስትወርድ «ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?» አለች። አንድ ሰው ጄሪካን ይዞ ሲወጣ «ዛሬስ አላመመዎትም?» አለ። አቶ ከበበው ጆሯቸውን ወደ ደረጃው ሰጥተው «የሦስተኛ ፎቁ ዛሬ ዘገየ፤ ጉልበቱን ያመዋል» አሉኝ። እኔ ባለሁበት አራተኛ ፎቅ የማውቀው አንድ ጎረቤት ብቻ ነው፤ እሱንም በሳሉ ድምፅ ነው።

«አባባ» አልኳቸው፤ «በሞቴ ይንገሩኝ። ያንን የመሰለ ጸጥ ያለ ቤት ትተው ይህን ለምን ገዙ?»

«አንተስ? ከላፍቶ እዚህ ድረስ በየቅዳሜው ምን ታደርጋለህ?»

ሰበብ ፍለጋ አዲሱን ጃንጥላዬን አየሁት። ጥቅምት ነው፤ ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም።

«እንግዲህ» አሉ፤ ወንበራቸውን ፈቀቅ አድርገው ቦታ እየለቀቁልኝ። «እኔም አልናገርም።»