ድንጋይ የምትወጣዋ ኢምባ

መንደሩ በአክብሮት «ታይታ»፣ አባ፣ እያለ የሚጠራቸው ሴጉንዶ ካቺሙኤል የቀጠቀጡትን የባርባስኮ ሥር በከረጢት ይዘው ወደ ፏፏቴው የወረዱት ማንም አያየኝም ብለው ነበር። ይህ ሥር ወንዝ ውስጥ ሲነከር ያለውን ዓሣ ሁሉ አስክሮ ይገድላል። ልጃቸው ሮሳ ከወለደች አራት ቀኗ ነው፤ ወተቷ አልወርድ ብሎ ሕፃኑ ሲያለቅስ ያድራል። ለአራስ ፏፏቴው ሥር ከምትኖረው ከትንሿ ኢምባ ሾርባ ሌላ መድኃኒት አለ ቢሏቸው ሽማግሌው አይሰሙም።

ዋና ከተማዋ ኪቶ ሄዳ ስለ ዓሣ የምትማረው የጎረቤታቸው ልጅ ታምያ ግን ሱሪዋን ሰብስባ ወንዙ መካከል ቆማለች።

«ደህና ዋሉ ታይታ? ከረጢቱ ምንድን ነው?»

«ላንቺ የሚሆን ስንቅ አይደለም።»

«ሸተተኝ እኮ! የመንደሩ ጉባኤ ዓሣ በመርዝ እንዳይገደል ከልክሎ የለም?»

«ዓሣ ነዋ የከለከለው! ኢምባ ደግሞ መቼ ዓሣ ሆነች? ቅርፊት የላት፣ ድንጋይ ትወጣለች። እሷን የሚወልዳት ዓለቱ ነው። ብንጨርሳትም ዝናብ ሲጥል ሌላ ይሰጠናል።»

መንደሩ ሁሉ እንዲሁ ያምን ነበር። ሰው የሚወደውን ነገር ከሕግ የሚያስወጣበት ምክንያት አያጣም።

ታምያ አልሳቀችባቸውም። ከድንጋይ ሥር ጣት የምታህል ጥቁር ኢምባ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው።

«ጢሟን ይዩት፤ የአምባዛ ወገን ናት። ከእኛ ተራራ እስከ ቦሊቪያ ድረስ ከሃምሳ በላይ እህትማማች ዘሮች አሉ። አንዳንዷ ከአንድ ወንዝ በቀር የትም የለችም። የእኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ሊቃውንቱም ገና አልቆረጡም። ዛሬ ብንጨርሳት ስሟን ሳናውቅ ቀበርናት ማለት ነው።»

«ስሟንማ እኔ አውቀዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «የተማረ ሰው ሾርባ ሲቀርብለት አጥንት ይቆጥራል።»

«እሺ፣ ሆዷንስ አይተውት ያውቃሉ?»

በስሱ ቆዳዋ ሥር ቢጫ እንቁላል ታጭቆ ይታያል። ሰባ ዓመት ሲበሏት ኖረው አንድም ቀን እንዲህ አተኩረው አላዩዋትም። ታምያ ተቀብላ ከፏፏቴው ጎን ባለው ቀጥ ያለ ዓለት ላይ ለጠፈቻት። ውኃው ይደበድባታል። እሷ ግን በአፏ ስትይዝ በሆዷ እየተሳበች፣ በሆዷ ስትይዝ አፏን እያስቀደመች ስንዝር በስንዝር ወጣች። ታይታ ሴጉንዶ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«በስመ አብ! ይህን ሁሉ እንቁላል ተሸክማ?» አሉ። ወደ ታምያ ዞረውም፣ «ታዲያ ሮሳዬን ምን ላድርጋት?» አሉ።

«እንቁላል የሌላቸውን አራት አምስት በቅርጫት እንይዛለን። ነርሷንም እንጥራት፤ ሕፃኑም ቶሎ ቶሎ ይጥባ። መርዙ ግን ታች ወርዶ ሮሳ የምትጠጣውን ውኃ ነው የሚያገኘው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብዎ።»

ይህን ጨርሶ አላሰቡትም ነበር። ከረጢቱን ጠበቅ አድርገው አሰሩና ከወንዙ አራቁት።

እሑድ በጉባኤው ፊት ተነሥተው ኢምባም ከመርዝ እንድትጠበቅ ጠየቁ፤ ውኃው ንጹሕ እንደሚሆን፣ ለነገ አራሶችም ሾርባ እንደማይጠፋ ተናገሩ። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ሊቀልድባቸው፣ «መጀመሪያ ይወሰን እንጂ ታይታ፤ ለመሆኑ ዓሣ ናት?» አላቸው።

«እናት ናት» አሉት። «ጻፍ።»