አንዲት ብልቃጥ

(በአንድ ሆስፒታል የወንዶች መኝታ ክፍል፤ ለቡአ ቀዶ ሕክምና የተኙት የወፍጮ ቤት ባለቤት አቶ አንዳርጌ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አሁን ደማቸውን ስትቀዳ መርፌው የወጋት ነርስ ውባለም ጣቷን በጥጥ ይዛ ቆማለች።)

ውባለም፦ ኧረ ጋሼ፣ እሺ ይበሉኝ! ቶሎ የሚያልቅ የጉበት ቫይረስ ምርመራ እኮ ነው።

አንዳርጌ፦ አልመረመርም ብያለሁ። የመጣሁት ለቡአ ነው፤ ጉበቴን ምን አመጣው?

ውባለም፦ የወጋኝ መርፌ ከእርስዎ ክንድ የወጣ ነዋ።

አንዳርጌ፦ ደንግጬ እጄን መነጨቅኩ፤ አጠፋሁ። ግን እናንተ ክትባት የላችሁም እንዴ?

ውባለም፦ የመጀመሪያውን ተከትቤ ነበር፤ ሁለተኛው ሳይደርሰኝ አለቀ ተባለ። አሁን የሚያስጥለኝ ሌላ መርፌ ነው፤ ከሰው ደም የተዘጋጀ መከላከያ። በሽታው ጉበቴ ላይ ሳይሰፍር ቶሎ መወጋት አለብኝ።

አንዳርጌ፦ ታዲያ ተወጊያ! ማን ከለከለሽ?

ውባለም፦ ያለችው አንዲት ብልቃጥ ናት። የእርስዎ ደም በሽታው እንዳለበት ካልታወቀ ሐኪሙ አያስነካኝም።

አንዳርጌ፦ የቀዳሽው ደም እጅሽ ላይ ነው፤ ሰርቀሽ እንዳትመረምሪው!

ውባለም፦ ብፈልግማ እስካሁን ውጤቱ በእጄ ነበር። ሳይፈቅዱልኝ አላደርገውም።

አንዳርጌ፦ ቀስ ብለሽ አውሪ። ጥሩነሽ በር ላይ ናት።

ውባለም፦ ባለቤትዎ አይሰሙም። ውጤቱ የሚነገረው ለእርስዎ ብቻ ነው።

አንዳርጌ፦ በዚህች ከተማ? ላቦራቶሪ የሚሠራው ልጅ የጥሩነሽ የአክስቷ ልጅ ነው!

ውባለም፦ እሺ፣ እኔስ ምን ላድርግ? የት ልሂድ?

አንዳርጌ፦ ምነው ይህን ያህል ተጨነቅሽ?

ውባለም፦ ነፍሰ ጡር ነኝ ጋሼ። ለባለቤቴ እንኳን ገና አልነገርኩትም። እኔን ከያዘኝ ለልጄም ይተርፋል።

አንዳርጌ፦ ውይ! ምነው ቀድመሽ በነገርሽኝ።

ውባለም፦ ብነግርዎት ምን ሊሉኝ? አልመረመርም ብለው የለ።

አንዳርጌ፦ ሐኪሙ የት ነው ያለው?

ውባለም፦ ቢሮው ውስጥ ነው። ምነው?

አንዳርጌ፦ የሰውዬውን ደም መመርመር አያስፈልግም በይው።

ውባለም፦ ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎት…

አንዳርጌ፦ ስሚኝ እንጂ! አያስፈልግም ነው የምልሽ። ብልቃጧን ያውጣልሽ። ሂጂና አሁኑኑ ተወጊ።

ውባለም፦ … ያውቁት ነበር?

አንዳርጌ፦ አምና ደም ልለግስ ሄጄ ነው በሽታው እንዳለብኝ የነገሩኝ። ያን ቀን ቤቴ እንዴት እንደገባሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ውባለም፦ እትዬ ጥሩነሽስ?

አንዳርጌ፦ ትታኝ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። ማዕድ ስታቀርብ እንኳን ቀና ብዬ አላያትም።

ውባለም፦ እሳቸውም እኮ መመርመር አለባቸው። ካልያዛቸው ክትባት አለላቸው፤ አልቆ የነበረው ገና አሁን መጥቷል።

አንዳርጌ፦ አንቺ ሂጂ፣ ጊዜሽ ይሄዳል። ስትወጪ ጥሩነሽን ግቢ በያት።

ውባለም፦ ለምን ቢሉኝስ?

አንዳርጌ፦ ምንም እንዳትያት። ከእኔው አፍ ትስማው።